ስለ «ቀጭን በረዶ» ያለኝ አቤቱታ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በየሆስፒታሉ እየዞርኩ ለአማርኛ ተናጋሪ ሕሙማን አስተረጉማለሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ 19 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ደሴ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ጋዜጣችሁን ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ ስገዛ አብሬ አነሳለሁ፤ አንብቤ ስጨርስ ከእኔ በላይ ፎቅ ለሚኖሩ አንዲት እናት እሰጣቸዋለሁ። የሕንፃው ሐበሻ ሁሉ «እማማ» ነው የሚላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከፊት ገጹ እስከ ኅዘን መግለጫው አንድ መስመር ሳይዘሉ ያነባሉ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝም እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ክረምት በጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ስኳር ሕመም አንድ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ከእንግሊዝኛ የተመለሰ መሆኑ ያስታውቃል። ርእሱ «የስኳር ሕሙማን በቀጭን በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ነው» ይላል፤ የመጀመሪያው አንቀጽም ይህንኑ ይደግመዋል። እማማ ስኳር ካለባቸው ቆይቷል። በማግስቱ ጠዋት ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ በረዶ ስኳር ላለበት ሰው ይህን ያህል ክፉ ነው እንዴ?»

«ምነው እማማ?»

«ይኸው ጋዜጣው እየተንሸራተቱ ነው ይላል። እኔማ እሑድም በረዶ ይጥላል ስላሉ ቤተ ክርስቲያን ቀርቻለሁ። ከቤት ካልወጣሁ ምን ያገኘኛል?»

ወደ ላይ ወጣሁ። ሶፋቸው ላይ ጋዜጣውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቡና ላፈላ ብለው ሲነሱ ግራ እግራቸውን ሳብ ሲያደርጉ አየሁና «እስቲ እግርዎን» አልኳቸው። ነጩ ካልሲ ተረከዙ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ታህል ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ቀስ ብዬ ሳወልቀው ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው እንኳ አልተኮማተረም። «አዲሱ ጫማ ልጦኝ ይሆናል፣ አላመመኝም» አሉኝ። አለማመሙ ነበር እኔን ያስደነገጠኝ። ስኳር ሲቆይ የእግር ነርቭ ስሜት ያጣል፤ ቁስሉ ሳይሰማ ይሰፋል፣ ሳይሰማ ያመረቅዛል። ጽሑፋችሁም ይህንኑ ይል ነበር፤ አራተኛው አንቀጽ ላይ፣ እግራችሁን በየቀኑ ተመልከቱ ብሎ መክሯል። እማማም አንብበውታል። ነገር ግን ነገሩ ሁሉ ስለ በረዶ መስሏቸው ምክሩን ውጭ ለሚሄድ ሰው ተዉት።

በእሳቸው አማርኛ በረዶ ማለት ከሰማይ የሚወርደው፣ ያሸተ ገብስ የሚመታው ነው። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ደግሞ መንገድ ላይ የሚጠረገውና ጨው የሚበተንበት ሆኗል። ሰው በሐይቅ ላይ እንደሚሄድ፣ ሐይቁም ሊውጠው እንደሚችል ከየት ያውቃሉ? እኔም እዚህ አገር እስክመጣ አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ክረምቴ አንድ ኩሬ ዳር ቆሜ ነው ያየሁት። ከላይ መስታወት ይመስላል፤ ውስጡ አንድ ቡናማ የዛፍ ቅጠል እንደተያዘ ደርቋል፤ ከሥሩ ውኃው ሲንቀሳቀስ ይታያል። የአንዱ ፈረንጅ ልጅ ጠጠር ወረወረበት። የተሰማው ድምፅ የመሰበር አልነበረም፤ እንደ ክራር ጅማት ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር የሚሄድ ረጅም ድምፅ ነበር። እናትየው ልጁን በክንዱ ይዛ ስትጎትተው ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ነው «ስኬቲንግ ኦን ቲን አይስ»፣ እናንተ «በቀጭን በረዶ ላይ መንሸራተት» ያላችሁት፣ ማለት። ኩሬና ቦይ በየክረምቱ በሚረጋበት አገር ያደገ ሰው ቃሉን ሲሰማ ያ ድምፅ ይሰማዋል። እማማ ምን ይሰማቸዋል?

አሜሪካዊው ጸሐፊ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው አንድ ድርሰቱ፣ በቀጭን በረዶ ላይ ስንንሸራተት መዳኛችን ፍጥነታችን ነው ብሎ ጽፏል። የቆመ ይሰምጣልና። ልብ በሉ፤ ለስኳር ሕመምተኛ ሊነገር የሚገባው ግን ቆም ብለህ እግርህን እይ ነው። ስለዚህ ዘይቤው ቃል በቃል መጥቶም፣ ሥሩ ድረስ ተቆፍሮም ለዚያ ጽሑፍ አይሆንም ነበር። «የስኳር ሕሙማን እግር በቋፍ ላይ ነው» ቢባል እማማ ያን ዕለት ማታ ካልሲያቸውን ያወልቁ ነበር።

ተርጓሚውን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። እኔም እዚሁ ላይ ወድቄያለሁ፤ እንዲያውም ከእሱ በከፋ ቦታ። የሕሙማን ምስጢር ስላለብኝ ስምና ቦታ አልጠቅስም፣ አንዳንዱንም ዝርዝር ለውጬዋለሁ።

በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነው። የአንዲት እናት ቀዶ ጥገና አልቆ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። ሐኪሙ ወደ ልጃቸው ወጣና ቀዶ ጥገናው ጥሩ ሄዷል፣ ግን «ሺ ኢዝ ኖት አውት ኦፍ ዘ ውድስ የት» አለው። እኔ የአስተማሪ አእምሮዬ ቸኮለና «እናትህ ገና ከጫካ አልወጡም» አልኩት። ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ጫካ?» አለ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በእኛ አገር ጫካ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢዎቻችሁ አልነግርም፤ የሸፈተ ነው ጫካ የሚገባው፣ የሚሳደድ ነው ጫካ የሚገባው። ያ ልጅ ደግሞ፣ ኋላ እንደነገረኝ፣ አባቱ ጫካ ገብተው እንደወጡ የቀሩበት ነው። ሐኪሙ እናቱን ወዴት እንደወሰዳቸው ነበር ሊጠይቅ የቃጣው።

አስተርጓሚ ሲሳሳት ደንብ አለው። በራሳችን ስም አንናገርም። ሐኪሙን በእንግሊዝኛ «አስተርጓሚዋ የራሷን ስሕተት ታርማለች» አልኩት፤ ለልጁ ደግሞ በአማርኛ ይህንኑ ነገርኩትና «እናትህ ክፉውን ገና አላለፉም» አልኩ። ወዲያው ገባው። «እሺ፤ መቼ ያልፉታል?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄውም ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። ሐኪሙ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት መጠበቅ አለብን አለው።

እንግሊዞቹ ከዱር ሳትወጣ አትጩህ የሚል የቆየ አባባል አላቸው። ዱር ለእነሱ ተኩላና ወንበዴ ያለበት፣ መንገደኛ መሽቶበት የሚጠፋበት ነው። ዱር ውስጥ ያለ ሰው በአደጋ ውስጥ ነው፤ ሲወጣ ይድናል። ለእኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነበር፤ አደጋው ያለው ከተማው ላይ ነው፣ የሚዳነውም ጫካ ተገብቶ ነው። ዛፉ አንድ ሲሆን ፍርሃቱ ተቃራኒ ነው። ይህን መዝገበ ቃላት አይነግርም።

ስለ ጥንቃቄና ስለ ድፍረት የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ዘይቤዎች ከሌላው ዘይቤ ሁሉ የሚያስጨንቁኝ ለዚህ ነው። ስለ ፍቅር ወይም ስለ ስንፍና የተነገረ ዘይቤ ቢበላሽ ዓረፍተ ነገሩ ያስጠላል እንጂ ሰው አይጎዳም። እነዚህ ግን የአደጋውን መጠን ይዘው ነው የሚጓዙት። «ተች ኤንድ ጎ» ሲል ሐኪሙ፣ መርከበኞች የመርከቧ ሆድ የባሕሩን ወለል ነካ አድርጎ ሲያልፍ እንደሚሉት፣ ለጥቂት ነው፣ በሞትና በሕይወት መካከል ነው ማለቱ ነው። «ነክቶ ሄደ» ብለህ ብትመልሰው ቤተሰቡ ሕመሙ ቀለል ያለ ይመስለዋል። «ሎንግ ሾት» ሲል ደግሞ ከሩቅ የተተኮሰ ጥይት ዒላማውን እንደማያገኝ ሁሉ ተስፋው የመነመነ ነው ማለቱ ነው። «ሾት» በሆስፒታል ቋንቋ መርፌም ነው። አንዲት አክስት፣ የ14 ዓመት የወንድማቸው ልጅ «ረጅም መርፌ ሊወጉሽ ነው» ብሎ አስተርጉሞላቸው፣ መርፌውን ፈርተው ሕክምናውን እንቢ እንዳሉ ነው እኔ የተጠራሁት። ልጁ ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። በእሱ ዕድሜ ያን ሸክም ማሸከም ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሕፃናት እንዳያስተረጉሙ ይከለክላል፤ ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 ሕጓ አማርኛን የመንግሥት ቢሮዎች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች ተርታ አሰልፋዋለች። ይህን መብት የማያውቅ ወገን ብዙ ነውና እግረ መንገዴን ላንሳው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ገንዘብ አይከፈልበትም።

አንዲት ቃል ምን ታደርጋለች ለሚል ሰው፣ በሥልጠናችን ላይ ሁልጊዜ የሚነገረን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቡ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ የበላው ነገር ሳይመርዘው አይቀርም ለማለት ነው። በእንግሊዝኛ ጆሮ ግን ቃሉ አደንዛዥ ዕፅ የወሰደ ይመስላል። ሐኪሞቹም እንዲያ አድርገው አከሙት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ይፈስስ ነበር። ሲታወቅ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ነበር።

ወደ ጋዜጣችሁ ልመለስ። በኢኮኖሚ ገጻችሁ ላይ «አደጋ መውሰድ» የሚለው አነጋገር ከእትም እትም እየበዛ ነው። «ባለሀብቱ አደጋ ወስዶ ፋብሪካ ከፈተ።» አደጋ በአማርኛ የሚደርስ ነገር ነው እንጂ የሚወሰድ አይደለም፤ የመኪና አደጋ ይደርሳል፣ የእሳት አደጋ ይነሳል። መርካቶ ያለ ነጋዴ «ደፍሬ ገባሁበት» ይላል፣ «የመጣው ይምጣ ብዬ ገባሁ» ይላል። ሁለቱም «ቴኪንግ ኤ ሪስክ» ናቸው፤ የሰው ሽታም አላቸው። ችግሩ «ሪስክ» የሚለው ቃል ራሱ ላይ ነው፤ ገና ያልደረሰ፣ ሊደርስም ላይደርስም የሚችል ጉዳት ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ለዚህ አንድ ነጠላ ቃል የለንም። ሕሙማን ከቀዶ ጥገና በፊት የሚፈርሙት ቅጽ ላይ «የቀዶ ጥገናው አደጋዎች» ተብሎ ተተርጉሞ አያለሁ። ያነበበ ሰው «አደጋ ካለው ለምን ይሠሩኛል?» ይላል፤ እውነቱን ነው። እኔ ረዘም አድርጌ «ከመቶ ሰው በአንዱ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት ሊደርስ ይችላል» እላለሁ፤ ሐኪሙ የነገረኝን ቁጥር እዚያው አስገብቼ። ይረዝማል። ይርዘም። ሰውየው የሚፈርመውን አውቆ ይፈርማል።

ምሳሌ በምሳሌ ተኩ ብቻ ማለቴም አይደለም፤ እሱም ወጥመድ አለው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጎበዝ ወጣት፣ ደረቱን ያመመው ሰው ፊት ሐኪሙ «ቤተር ሴፍ ዛን ሶሪ፣ ተጨማሪ ምርመራ እናድርግ» ሲል «ጎመን በጤና ነው» ብላ አስተረጎመች። ውብ አማርኛ ነው። ሰውየው ግን ራሱን ነቅንቆ ካፖርቱን መልበስ ጀመረ። ጎመን በጤና የሚል ሰው የሚተው ነገር አለ፤ ሥጋው ይቅርብኝ፣ አልደፋፈርም፣ ባለኝ እኖራለሁ የሚል ነው። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር እንጨምር ነበር ያለው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብትል ይሻል ነበር፤ ወይም ያለ ምንም ምሳሌ «ኋላ ከመጸጸት አሁን ማየት ይሻላል»። ልጅቱ ካፖርቱን ስታይ ወዲያው አረመችው፤ ሰውየውም ተመልሶ ተቀመጠ።

ቃል በቃል መጥተው የሚያምሩም አሉ፤ እነሱን አትጣሉብኝ። «እንቁላልህን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አታስቀምጥ» ሲባል፣ በጭድ አጅባ እንቁላል ገበያ ያወረደች እናት ሁሉ ማብራሪያ አትፈልግም። «በእንቁላል ቅርፊት ላይ መራመድ» የሚለው ግን፣ እኛ ቤት ቅርፊት የሚጣል ነገር ነው፣ ቢረገጥስ? ቁጡ ባል ያላት ሴት ለሐኪም በእንግሊዝኛ እንደዚያ ብትል፣ በአማርኛ «ነገር እንዳይነሳ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነው የምኖረው» ነው የምትለው። የማዕድን ቆፋሪዎቹ ካናሪ ወፍም እንዲሁ ናት። ከወራት በፊት «በከሰል ማዕድን ውስጥ ያለችው ካናሪ» ብላችሁ ጽፋችሁ አልፋችሁታል። ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጆን ስኮት ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ቆፋሪዎች ወፍ በዋሻ ይዘው ይገቡ ነበር፤ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ቀጥሏል። ትንሽ ናት፣ ትንፋሿ ፈጣን ነው፤ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ሲኖር ከሰው ቀድማ ትዝለፈለፋለች፣ ሰዎቹም ሮጠው ይወጣሉ። ያ ጋዝ በዝግ ቤት የከሰል ምድጃ ይዘው የተኙ ቤተሰቦቻችንን የሚፈጀው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምሩ አንባቢው ወፏን ያያት ነበር፣ ምናልባትም ማታ መስኮቱን ይከፍት ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ገደል አፍ ላይ ይገናኛሉ። «ሉክ ቢፎር ዩ ሊፕ» የሚለውን እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ሄይውድ እ.ኤ.አ. በ1546 በሰበሰባቸው ምሳሌዎች ውስጥ ለሚያገባ ሰው ነው የመከረው፤ በጋብቻም በሌላውም ሁሉ ከመዝለልህ በፊት እይ ይላል። ከዚያ በፊትም በኤዞፕ ተረት ፍየሏ ቀበሮው ውኃው ጣፋጭ ነው ስላላት ዘላ ጉድጓድ ገብታለች። እኛም በሬ አለን፤ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ»። ፍየሏ ውኃ አየች፣ በሬው ሳር አየ፤ ሁለቱም መውጫውን አላዩም። ደሴ ሳስተምር ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ስጽፋቸው ተማሪዎቼ እንግሊዝኛው የእነሱም እንደሆነ ይሰማቸው ነበር። ይህን የሚያህል ሀብት እያለን ስለ ምን ቀጭን በረዶ ላይ እንሄዳለን?

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የጤና፣ የገንዘብ ወይም የሕግ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ሲመለስ ከመታተሙ በፊት እንግሊዝኛውን ላላየ አንድ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠይቁት። ትርጉሙን አይደለም የምትጠይቁት፤ ምን እንደሚያደርግ ነው። እማማን ያን ጊዜ ብትጠይቋቸው «ከቤት አልወጣም» ይሏችሁ ነበር፣ ስሕተቱም እዚያው ይገኝ ነበር።

የእማማን ቁስል በዚያው ቀን አሳየነው። በየሳምንቱ እየታጠበ ወር ፈጅቶ ጠግጓል። ያን ጋዜጣ ግን አልጣልነውም፤ ርእሱ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ሰርዤ፣ ከጎኑ ባዶ ቦታ ላይ ከዚህ በታች ያለውን ጻፍኩላቸው፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፈውታል። ቦታ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም በዚያው ዓምድ ላይ አውጡልኝ፦

«ማታ ከመተኛትዎ በፊት ሁለቱንም እግርዎን ይዩ። ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን፣ በጣቶቹ መካከል። መጎንበስ ካቃተዎ መስታወት ወለል ላይ አስቀምጠው ይዩ፣ ወይም ሰው ይይልዎ። ቤት ውስጥም ባዶ እግርዎን አይሂዱ። ጫማ ከማድረግዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ። ቁስል፣ መቅላት ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ካዩ፣ ባያምዎትም፣ ሳያድር ለሐኪም ይደውሉ።»

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
የሕክምና አስተርጓሚ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ